ለውሻ የጠና፣ ለዶሮ የላላ፦ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ በዋሽንግተን ዙሪያ

በኮሎምቢያ ሃይትስ የሚኖር ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ሕጎች መካከል ይመላለሳል። ቤቱ ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ገበያውና የንስሐ አባቱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ናቸው። የእህቱ ቤት ደግሞ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ውሻን ሆነ ብሎ በጭካኔ ያሠቃየ ሰው በሜሪላንድ እስከ 3 ዓመት፣ በዲሲና በቨርጂኒያ እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ቅጣቱ ቢለያይም የሦስቱም መልእክት ግልጽ ነው። ከውሻው ወደ ዶሮዋ ሲመጣ ግን ሕጉ በሁሉም ዘንድ እየሳሳ ይሄዳል።

ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ያንን ልዩነት ነው። ግዛቶች እንስሳትን ለመጠበቅ ምን ሕግ አወጡ? ያወጡት በምን ግፊት ነው? ሕጉ የት ላይ ቆመ? በዚህ አካባቢ የሚኖረው ኢትዮጵያዊስ በጉዳዩ ምን ድርሻ አለው? የጽሑፉ አቋም ከወዲሁ ይነገር፦ ሊታገሉለት የሚገባው ሕግ በመስፈሪያ የሚለካ ግዴታ የሚጥል፣ ተቆጣጣሪና በጀት ያለው፣ ትልቁን የእርባታ ኩባንያና የስደተኛውን የበዓል እርድ በአንድ ሚዛን የሚያይ ሕግ ነው። ስሜትን ብቻ የሚያረካ ሕግ ብዙ አለ፤ ለእንስሳው የሚደርስለት ግን ጥቂቱ ነው።

ሥልጣኑ በግዛቶች እጅ እንዴት ገባ

በአሜሪካ ምድር እንስሳትን ከጭካኔ የሚጠብቅ ሕግ የተጻፈው አገሪቱ ገና ሳትመሠረት ነው። የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት በ1641 ባጸደቀው ድንጋጌ ሰው ለጥቅሙ በሚያኖራቸው እንስሳት ላይ እንዳይጨክን ከለከለ፤ ረጅም መንገድ የሚነዱ ከብቶችም ሲደክሙ የሚያርፉበት ቦታ እንዲያገኙ ፈቀደ። ብሪታንያ ከብቶችን የሚመለከተውን ሕጓን ያወጣችው በ1822 ነው። ሄንሪ በርግ በ1866 ኒው ዮርክ ውስጥ የጭካኔ መከላከያ ማኅበሩን ሲያቋቁም አንዱ ትልቅ ጭንቀቱ ጋሪና ሠረገላ የሚጎትተው ፈረስ ነበር። የዚያን ዘመን ከተማ በፈረስ ጉልበት የሚንቀሳቀስ ስለነበር ግርፋቱም ድካሙም በየቀኑ በመንገደኛው ዓይን ፊት ይፈጸም ነበር። ዋሽንግተንም የራሷን ማኅበር በ1870 አገኘች።

የፌዴራሉ መንግሥት ድርሻ እስከ ዛሬ ጠባብ ነው። በ1873 የወጣው ሕግ በባቡር የሚጓጓዙ ከብቶች ከ28 ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት፣ ያለ ውኃና ያለ መኖ እንዳይቆዩ አዘዘ። በ1958 የወጣው የአስተራረድ ሕግ ከብት፣ በግና አሳማ ከመታረዳቸው በፊት እንዲደነዝዙ ያስገድዳል። በ1966 የወጣው ሕግ ደግሞ በመጀመሪያ የተነሣው በምርምር ላቦራቶሪዎች ላሉ እንስሳት ነበር። ለዚህኛው ሕግ መነሻ ከሆኑት አንዷ ፔፐር የተባለች ውሻ ናት። ፔፐር በ1965 ከፔንሲልቫኒያ ተሰርቃ፣ ከነጋዴ ነጋዴ ተላልፋ፣ ኒው ዮርክ በሚገኝ ሆስፒታል የምርምር ክፍል ሞተች። ይሁን እንጂ ይህ ሕግ ለምግብ የሚረቡ እንስሳትን አይነካም፤ ለምርምር የሚረቡ አይጦችንና ወፎችንም በግልጽ ይተዋል። በ2019 የተፈረመው የፌዴራል ሕግም ከፍተኛ ጭካኔን በከባድ ወንጀልነት ቢፈርጅም፣ የሚሠራው በፌዴራል ይዞታ ላይና ከግዛት ግዛት በሚሻገር ጉዳይ ብቻ ነው።

የቀረው ሁሉ ለግዛቶች ተተወ። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የእንስሳ ዕጣ የሚወሰነው በአመዛኙ በሜሪላንድ ዋና ከተማ በአናፖሊስ፣ በቨርጂኒያ ዋና ከተማ በሪችመንድና በዲሲ የከተማ ምክር ቤት ነው። አካሄዱም አዝጋሚ ነበር፤ በእንስሳ ላይ የሚፈጸም ጭካኔን በከባድ ወንጀልነት የሚቀጣ ድንጋጌ በ50ዎቹም ግዛቶች ሊኖር የቻለው ደቡብ ዳኮታ በ2014 የመጨረሻዋ ሆና ከገባች በኋላ ነው።

ሦስት ጎረቤቶች

ቨርጂኒያ ከሦስቱ በጣም አሳፋሪውንም በጣም አስገራሚውንም ታሪክ ይዛለች። በ2007 የእግር ኳስ ኮከቡ ማይክል ቪክ በሱሪ ካውንቲ በነበረው ግቢ የውሻ ውጊያ ማካሄዱ ተጋልጦ በፌዴራል ፍርድ ቤት 23 ወር ተፈረደበት። ጉዳዩ የውሻ ውጊያን ከጓሮ ጨዋታነት አውጥቶ የተደራጀ ወንጀል መሆኑን ለአገር አሳየ። በ2015 የግዛቲቱ ዓቃቤ ሕግ በእንስሳት ጉዳይ ላይ ብቻ የሚሠራ ክፍል አቋቋመ፤ በአገሪቱ በዓይነቱ የመጀመሪያው ነበር። ይህ ተራ የመዋቅር ለውጥ አይደለም። አንድ የገጠር ካውንቲ ዓቃቤ ሕግ በዘመኑ ሁሉ አንድ ወይም ሁለት የእንስሳ ጉዳይ ቢያጋጥመው ነው። ማስረጃ እንዴት እንደሚያዝ፣ የተያዙት ውሾች እስከ ፍርድ ቀን የት እንደሚቆዩና ወጪያቸውን ማን እንደሚሸፍን የሚያውቅ ባለሙያ ከጎኑ ሲቆም ሕጉ ከወረቀት ይነሣል።

በየካቲት 2019 ሪችመንድ ውስጥ ቶሚ የተባለ ውሻ ከምሰሶ ጋር ታስሮ በእሳት ተቃጠለ፤ ከአምስት ቀን በኋላም ሞተ። እስከዚያ ድረስ በቨርጂኒያ ሕግ በውሻ ወይም በድመት ላይ የሚፈጸም ጭካኔ ከባድ ወንጀል የሚሆነው እንስሳው ከሞተ ብቻ ነበር። ያንን የሚለውጠው ረቂቅ ቀድሞ ቀርቦ ነበር፤ የቶሚ ሞት ስም ሰጠው፣ የሕዝቡ ቁጣም ገፋው፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮም ጸና። ይሁን እንጂ የቶሚ ሕግ ውሻንና ድመትን እንጂ ሌላ እንስሳ አይጠቅስም።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ2022 ነው። በከምበርላንድ ካውንቲ ኤንቪጎ የተባለው ድርጅት ለምርምር የሚሸጡ ቢግል ውሾችን በሺዎች ያረባ ነበር። የፌዴራል መርማሪዎች ጥሰቶችን ደጋግመው መዝግበዋል፤ ድርጅቱ ግን ሥራውን ቀጥሎ ነበር። የቨርጂኒያ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ተከታታይ ሕጎችን አወጣ። ከእነዚህ አንዱ የተወሰኑ ጥሰቶች የተመዘገቡበት አርቢ ውሻና ድመት ለምርምር እንዳይሸጥ የሚያግድ ነው። በበጋው ወደ 4,000 የሚጠጉ ውሾች ከግቢው ወጥተው በመላ አገሪቱ ለአሳዳጊ ተሰጡ። በ2024 ድርጅቱ ጥፋቱን አምኖ ከ35 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። እዚህ ላይ የግዛትና የፌዴራል ድርሻ ተደጋግፎ ይታያል፦ ፌዴራሉ መዘገበ፣ ግዛቲቱ ሕግ አወጣች፣ ፍርድ ቤቱ በሩን ዘጋ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ለዚህ ዳሰሳ የሚበልጠው የቨርጂኒያ የውሻ ማሰሪያ ድንጋጌ ነው። ውጭ የሚታሰር ውሻ ገመዱ ቢያንስ 15 ጫማ ወይም የራሱን ርዝመት 4 እጥፍ መሆን አለበት፤ የገመዱ ክብደት ከውሻው ክብደት ከአንድ አሥረኛ አይበልጥም፤ ሙቀቱ 32 ዲግሪ ፋራናይት ሲደርስና ከዚያ ሲወርድ፣ ወይም 85 ሲደርስና ሲያልፍ ማሰር በመርህ ደረጃ አይፈቀድም። ሜትር፣ ሚዛንና ቴርሞሜትር የያዘ ማንኛውም ተቆጣጣሪ ሊያስፈጽመው ይችላል። ባለቤቱም «አላወቅሁም» የሚልበት ቀዳዳ ጠባብ ነው።

ሜሪላንድ ጭካኔን በከባድ ወንጀልነት የፈረጀችው በ2001 ነው። ከዚያ ወዲህ ንግዱን ወደ መቆጣጠር አዘነበለች። በ2018 የወጣውና ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ የጸናው ሕግ የቤት እንስሳት መደብሮች ውሻና ድመት እንዳይሸጡ ከለከለ፤ ዓላማውም ቡችሎች በጅምላ የሚረቡባቸውን ግቢዎች ገበያ ማሳጣት ነው። በ2021 በእንስሳት ላይ የተሞከሩ መዋቢያዎች እንዳይሸጡ የሚያግድ ሕግ አወጣች፤ ቨርጂኒያም በዚያው ዓመት ተመሳሳዩን አደረገች። በ2022 ደግሞ የድመትን ጥፍር ከጣቷ አጥንት ጫፍ ጋር ቆርጦ ማውጣትን ከኒው ዮርክ ቀጥላ ሁለተኛዋ ሆና ከለከለች።

ዲሲ ግዛት አይደለችም፤ ያም በእንስሳ ጉዳይ ሳይቀር ይሰማታል። በ1973ቱ የራስ አስተዳደር ሕግ መሠረት 13 አባላት ያሉት ምክር ቤቷ ያጸደቀውና ከንቲባው የፈረመው ሕግ ወደ ኮንግረስ ይላካል። ተራው ሕግ 30፣ የወንጀል ሕጉን የሚነካው ደግሞ 60 የኮንግረስ የሥራ ቀናት ይጠብቃል። በዚህ ሁሉ መካከል ከተማዋ ጥፍር ማውጣትን የከለከለ፣ ባልና ሚስት ሲፋቱ የቤት እንስሳው ለማን ይሁን ሲባል የእንስሳውን ጥቅም ዳኛው እንዲመለከት የፈቀደ ሕግ አውጥታለች። በብርቱ ብርድ ወይም ሙቀት ውሻን ያለ ጠባቂና ያለ መጠለያ ከ15 ደቂቃ በላይ ውጭ መተውም አይፈቀድም። የዲሲ ሕግ «እንስሳ» የሚለውን ሲተረጉም ከሰው በቀር ሕይወትና ስሜት ያለውን ፍጡር ሁሉ ያጠቃልላል። ችግሩ ዲሲ የእርባታ ጣቢያ የላትም። ዶሮንና ላምን የሚያካትተው ሰፊ ሕግ ያለው ዶሮና ላም በሌሉበት ነው።

ስም የሌላቸው እንስሳት

እስካሁን የተጠቀሱት ድሎች አንድ መልክ አላቸው። ፔፐር፣ ቶሚ፣ የቪክ ውሾች፣ የኤንቪጎ ቢግሎች እያንዳንዳቸው ፎቶ፣ ብዙዎቹም ስም አላቸው። ፎቶው ቁጣን ያነሣል፤ ቁጣው ሕግ አውጪውን ያንቀሳቅሳል። ስም የሌላቸው እንስሳት ታዲያ ማን ይቆጣላቸዋል?

ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ያለው የዴልማርቫ ልሳነ ምድር የሜሪላንድን ምሥራቅ ዳርቻ፣ ዴላዌርንና የቨርጂኒያን ጫፍ ያቀፈ ነው። በዚያ በዓመት ከ500 ሚሊዮን በላይ የሥጋ ዶሮዎች ይረባሉ። በ1920 የተመሠረተው የፐርዱ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤትም በሶልዝበሪ፣ ሜሪላንድ ነው። ለገና ዶሮ ወጥ የሚሠራ የሲልቨር ስፕሪንግ ቤተሰብ ከዚህ ኢንዱስትሪ ጋር ጎረቤት ነው። የሜሪላንድ የጭካኔ ሕግ በእርሻ ሥራ የተለመደና መደበኛ የሆነ አያያዝን ከወንጀል ያወጣል። ውጤቱ ግልጽ ነው፦ አያያዙ የተለመደ መሆኑ ራሱ ሕጋዊ ያደርገዋል፤ የተለመደውን የሚወስነው ደግሞ ኢንዱስትሪው ራሱ ነው። በ1958 የወጣው የፌዴራል የአስተራረድ ሕግም በግብርና ሚኒስቴሩ አተረጓጎም ዶሮን አይጨምርም። ስለዚህ በቁጥር ከሁሉም የበዛው የምግብ እንስሳ በሕግ ከሁሉም ያነሰ ጥበቃ ያለው ሆነ።

ይህን ጉዳይ የደፈሩት በአብዛኛው መራጩ በቀጥታ ሕግ የሚያወጣባቸው ግዛቶች ናቸው። ፍሎሪዳ በ2002 ያረገዘች አሳማ መዞር በማትችልበት የብረት ጋጥ እንዳትታሰር በሕዝብ ድምፅ ከለከለች። ማሳቹሴትስ በ2016፣ ካሊፎርኒያ በ2018 ከዚያ አልፈው ከተቀመጠው መስፈርት በታች የተረባ እንስሳ እንቁላሉም ሥጋውም በግዛታቸው እንዳይሸጥ አገዱ። «ፕሮፖዚሽን 12» የተባለው የካሊፎርኒያው ሕግ ከሌላ ግዛት የሚመጣውንም አሳማ ስለሚጨምር የአሳማ አርቢዎች ማኅበር ከሰሰ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2023 በ5 ለ4 ድምፅ የካሊፎርኒያን ሕግ አጸና። ዳኛ ኒል ጎርሰች በጻፉት ውሳኔ መሠረት አንድ ግዛት በገበያው የሚሸጠውን ዕቃ በራሱ መስፈርት መምረጥ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም። ከዚያ ወዲህ ይህን የግዛቶች ሥልጣን ለመንጠቅ ያለሙ ረቂቆች ወደ ኮንግረስ ቀርበዋል። ስለዚህ የግዛት ሕግን መደገፍ ማለት ዛሬ ሥልጣኑን ራሱን መጠበቅንም ይጨምራል።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ዜጎች ፊርማ ሰብስበው ሕግ የሚያወጡበት ሥርዓት የላቸውም። ዲሲ አላት፤ ነገር ግን እርሻ የላትም። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የዶሮዋ ጉዳይ የሚሄደው ዝርዝሩን በሚመረምር ኮሚቴ በኩል ብቻ ነው። በኮሚቴው ደጅ ደግሞ የአርቢዎቹ ተወካይ በየዓመቱ ይገኛል።

ቢላዋና እምነት

ኢትዮጵያዊው ክርስቲያንና ሙስሊም በዚህ ክርክር ውስጥ ዝም ብሎ የሚያልፈው አንቀጽ የለም ማለት ይቻላል፤ አስተራረድ የእምነቱ ጉዳይ ነውና። በአውሮፓና በአሜሪካ የተመረጠው መንገድም ተለያይቷል። በቤልጂየም የፍላንደርስና የዋሎኒያ ክልሎች በ2019 ያለ ማደንዘዝ ማረድን ከለከሉ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2020፣ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደግሞ በ2024 ክልከላውን ተቀበሉት። በአሜሪካ ግን የ1958ቱ ሕግ ራሱ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በስል ቢላዋ፣ ሁለቱን የአንገት ደም ሥሮች በአንድ ጊዜ ቆርጦ ማረድን ከሰብዓዊ አስተራረዶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል።

በ1993 የተሰጠው የሃያሊያ ውሳኔ ሁለተኛው ምሰሶ ነው። የፍሎሪዳዋ የሃያሊያ ከተማ የሳንቴሪያ እምነት ተከታዮች እንስሳ እንዳይሠዉ የሚከለክል ደንብ አወጣች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ደንቡን ሻረው። ምክንያቱ ከተማዋ እንስሳትን መጠበቅ አትችልም የሚል አልነበረም፤ ደንቡ ለአደን፣ ለቄራና ለሌላ እርድ በሩን ከፍቶ አንድን እምነት ብቻ ለይቶ በመምታቱ ነው። ለእንስሳት ሕግ የሚታገል ሁሉ ይህን ፍርድ በደንብ ሊያነብ ይገባዋል። ሕጉ የአስተራረዱን ሥቃይ ከለካ ለሁሉም ይሠራል፤ የአራጁን ማንነት ከለካ ይወድቃል።

በየበዓሉ ወደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ገጠር ወርዶ በግ የሚመርጥ ወይም ለቅርጫ በሬ የሚገዛ ወገን ብዙ ነው። የፌዴራሉ የሥጋ ቁጥጥር ሕግ ባለቤቱ ለቤተሰቡና ለእንግዳው ብሎ በትእዛዝ የሚያሳርደውን እንስሳ ከመደበኛው ምርመራ ነጻ ያደርገዋል፤ ሥጋው ግን እንደማይሸጥ ምልክት ተደርጎበት ይወጣል። ከዚያ ሥጋ ላይ ለምግብ ቤት ወይም ለጎረቤት መሸጥ ሕግ መተላለፍ ነው። የግዛቱ የጭካኔ ሕግም በገበሬው ግቢ ይሠራል። በግ እግሩን ጠፍሮ በመኪና ሻንጣ መጫን ወይም ባልተሳለ ቢላዋ መሞከር በሃይማኖት ስም የሚከለልበት ምክንያት የለም፤ ሃይማኖቶቹ ራሳቸው አይፈቅዱትምና። በእስልምና ቢላዋው ይሳላል፤ ሌላው እንስሳ በሚያይበትም አይታረድም። በእኛም ዘንድ ባለሙያ አራጅ የሚመሰገነው እንስሳውን ባለማስጨነቁ ነው።

ከአገር ቤት የያዝነው

«ለእንስሳ መብት መሟገት የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚለው አስተያየት በየካፌው ይሰማል። የኢትዮጵያን ልማድ ለሚያውቅ ግን አባባሉ አያሳምንም። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል አንበሳና ነብር ከግራ ከቀኝ ከበዋቸው የማይታይበት ቤተ ክርስቲያን ጥቂት ነው። መጽሐፈ ምሳሌ በ12ኛው ምዕራፍ ጻድቁን የሚለየው ለከብቱ በሚያሳየው ርኅራኄ ነው። ኦሪት ዘዳግም ደግሞ በ25ኛው ምዕራፍ በውድማ የሚያበራየው በሬ አፉ እንዳይታሰር ያዝዛል፤ ይህንን ድንጋጌ የጎጃም ገበሬ ከማንም በተሻለ ይረዳዋል። ያም ሆኖ ልማዱ ሙሉ አይደለም። ሸክም የሚበዛበት አህያ፣ ቁስሉ ሳይድን የሚጫን አጋሰስ፣ በመርዝ የሚገደሉ የመንገድ ውሾች የዚያው አገር ታሪክ ናቸው።

ቆየት ያሉት የኢትዮጵያ ሕጎች የተጻፉበት ዓላማም ሌላ ነው (በዚህ ክፍል ያሉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)። የእንስሳት በሽታዎች መከላከልና መቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 267/1994 የወጣው በሽታን ለመከላከል ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር ሀብትን ይጠብቃል። የቁም እንስሳት ግብይት አዋጅ ቁጥር 819/2006 ገበያውን ይመራል። ሦስቱም አስፈላጊ ናቸው፤ ነገር ግን የቤት እንስሳው በኑሮው ምን ያህል ይሠቃያል የሚለው ዋና ጥያቄያቸው አይደለም።

የሕጉን ክፍተት የሞላው አንዳንዴ የሕዝብ ቁጣ ነው። ኢትዮጵያ ከዓለም አገሮች ብዙ አህያ ያላት ናት። የአህያ ቆዳ በቻይና ባህላዊ መድኃኒት ተፈላጊነቱ ሲጨምር ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፈተ፤ በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ነዋሪው በማመፁ ተዘጋ። ቁጣውን ያነሣው የእንስሳት ደኅንነት አንቀጽ ሳይሆን አህያ ማረድን የሚጸየፍ ባህልና ለገበሬው ጉልበት መቆርቆር ነበር። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የአህያ ቆዳ ንግድን የሚያግድ ውሳኔ አሳለፉ። ከከተማ ቁጣ ወደ አህጉር ውሳኔ የተጓዘው ይህ ጉዳይ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ እንስሳን የመጠበቅ ክርክር በኢትዮጵያውያን ቋንቋና ምክንያት ሊካሄድ ይችላል። ሁለተኛ፣ ቁጣ ቄራ ይዘጋል እንጂ የሸክሙን ልክ አይወስንም፤ ለዚያ የተጻፈ ደንብ ያስፈልጋል።

ተቃውሞዎቹና ክብደታቸው

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ሰው ሳይጠግብ ለእንስሳ?» የሚለው ነው። አገር ቤት ጦርነትና ረኀብ የሚያሳስበው ሰው ቢናገረው አይፈረድበትም። ነገር ግን የእንስሳት ሕግ ብዙ ጊዜ የሰውንም ጉዳት ይጠቁማል። ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ውሻዋን ማስፈራሪያ ማድረጉ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ በሦስቱም አካባቢዎቻችን ፍርድ ቤት የሚሰጠው የመከላከያ ትእዛዝ የቤት እንስሳንም ሊጨምር ይችላል። ውሻዋን ጥላ መሄድ ስለማትችል ከድብደባው ቤት ያልወጣች ሴት ይህ አንቀጽ በር ይከፍትላታል።

ሁለተኛው የዋጋ ተቃውሞ ነው፤ ክብደቱም ይበልጣል። ዶሮዎች ከሽቦ ጎጆ ሲወጡ እንቁላል ይወደዳል። በኮሎምቢያ ሃይትስ ኪራይ እየናረ ስንቱን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ገፍቶታል፤ ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ አንድ ዶላር ዶላር ነው። ሐቀኛ ተሟጋች ይህንን አይክድም። ሊጠይቅ የሚገባው የጊዜ ገደቡ አርቢው ቤቱን በሚያድስበት ዑደት እንዲሰላና ለአነስተኛ አርቢ ድጋፍ እንዲመደብ ነው።

ሦስተኛው የአፈጻጸም ፍርሃት ነው፦ ከባድ የወንጀል ቅጣት በተግባር የሚያርፈው በድሃውና በስደተኛው ላይ ነው የሚል። ይህ ተቃውሞ ከሁሉ ይልቅ ትክክል ይመስለኛል። ኤንቪጎ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ ጉዳዩን ሲዘጋ፣ በአፓርታማ በረንዳ ውሻ ያሰረ ጎረቤት የወንጀል መዝገብ ይዞ ሊቀር ይችላል። መፍትሔው ግን ሕጉን መተው አይደለም፤ ለመጀመሪያ ጥፋት ማስጠንቀቂያና ትምህርት፣ ለድርጅት ግን ከትርፉ ጋር የሚመጣጠን ቅጣት ማድረግ ነው።

ምን ዓይነት ሕግ፣ በምን መንገድ

ከዚህ ዳሰሳ ሦስት መለኪያ ይወጣል። ሕጉ እንደ ቨርጂኒያው የውሻ ማሰሪያ ድንጋጌ በጫማ፣ በሰዓትና በዲግሪ መናገር አለበት፤ «አላስፈላጊ ሥቃይ» ብሎ ዝም የሚል አንቀጽ ለዳኛው ሙግት ይሆናል እንጂ ለተቆጣጣሪው መሣሪያ አይሆንም። ሁለተኛ፣ እንደ ዓቃቤ ሕጉ የእንስሳት ክፍል ሕጉን የሚያስፈጽም ሰው ከነበጀቱ ይያያዝለት። ሦስተኛ፣ «የተለመደ የእርሻ አያያዝ» የሚለው ማምለጫ ቢያንስ በዝርዝር ይገደብ፤ የተፈቀደው ይጻፍ እንጂ በኢንዱስትሪው ልማድ አይተው።

ቀን መቁጠሪያው ደግሞ ለእኛ የተመቸ ነው። የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ምክር ቤቶች ሥራ የሚጀምሩት በየዓመቱ በጥር ወር ሁለተኛው ረቡዕ ነው፤ ይህም ሁልጊዜ በገናና በጥምቀት መካከል ይውላል። የሜሪላንዱ ጉባኤ 90 ቀን፣ የቨርጂኒያው በተጋማሽ ቁጥር ዓመታት 60 ቀን ይቆያል። ያ ጊዜ ካለፈ ረቂቁ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀራል። በሜሪላንድ እያንዳንዱ የምርጫ ወረዳ አንድ የሕግ መወሰኛ አባልና ሦስት ተወካዮች አሉት፤ የእንስሳ ጭካኔ ረቂቆችም በአብዛኛው ወደ ፍትሕ ኮሚቴዎቹ ይመራሉ። በዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ አቅርቦት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱን አማርኛ አድርጓል። ስለዚህ የእንስሳት ቁጥጥር ደንብን በአማርኛ መጠየቅ ልመና አይደለም፣ መብት ነው።

ማኅበረሰቡ በዚህ ውይይት ሲገኝ የሚያመጣው እውቀት ሌላ ሰው የለውም። ስለ ሃይማኖታዊ እርድ የሚናገር ቄስና ኢማም፣ ውሻ በሚፈሩና ውሻ በሚወዱ ተሳፋሪዎች መካከል የሚሠራ የታክሲ ሹፌር፣ ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት ያለው ነጋዴ፣ አገር ቤት የእንስሳት ሕክምና ተምሮ እዚህ በሌላ ሥራ ያለ ባለሙያ ሁሉ በኮሚቴ ፊት ለሁለት ደቂቃ ቢናገሩ ረቂቁ ይለወጣል። ካልተናገሩ ግን ጉዳዩ በሁለት ወገኖች መካከል ይቀራል፦ ውሻን ብቻ በሚያየው የከተማ ተሟጋችና ዶሮን በኪሎ ብቻ በሚያየው ኢንዱስትሪ መካከል። ከሁለቱም የተለየ ሚዛን፣ ማለትም እንስሳን እያረዱና እየበሉም ቢሆን ሥቃዩን በልክ የመገደብ ልማድ፣ በእምነቶቻችን አለ። ያንን ልማድ በሕግ ቋንቋ አዘጋጅቶ ለሚቀጥለው የጥር ጉባኤ ማቅረብ የማኅበራቱ፣ የአድባራቱና የመስጊዶቹ ሥራ ነው፤ ዝግጅቱም ከመስቀል በኋላ ቢጀመር ይደርሳል።